የእሳቱ ልክ

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው። የስፌት ቤቱ በር ገርበብ ብሏል፣ ካውያው ከሶኬት ተነቅሏል፣ አራት ሰዎች በመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ዘጠኝ ጭራቆች ከበዋቸዋል። ጭራቆቹ ነጭ የሸሚዝ አዝራሮች ናቸው። ዋሻው ደግሞ ጥቁር የሱፍ ቁራጭ ነው፤ በላዩ ላይ ከዳር እስከ ዳር በልብስ ጠመኔ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ተሰምረውበታል። ተጫዋቾቹ እያንዳንዱን አራት ማዕዘን «ቤት» ይሉታል።

«ተራው የማነው?» አለች የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ ልብስ ሰፊዋ።

«የኔ» አለ ታናሽ ወንድሟ። ግራ እጁን ወደ ብስኩት ቆርቆሮው ሰደደና ከመዳብ ሽቦ የተሠራ ቀለበት አወጣ። የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ ሰሃን ያህላል። ቀስ አድርጎ አዝራሮቹ ላይ አኖረው። ዘጠኙም ከነቀንዳቸው ውስጡ ገቡ። ከዚያ ስድስት ዳይስ፣ በየገጻቸው ከአንድ እስከ ስድስት ነጥብ ያለባቸውን የዕጣ ጠጠሮች፣ መዳፉ ውስጥ አንኳኳና ወረወረ። ሁሉም አንገታቸውን አስግገው ደመሩ።

«ሃያ ሦስት» አለች ፋርማሲስቷ፣ እንደ ልማዷ ከሰው ሁሉ ቀድማ።

የእያንዳንዱ ጭራቅ ነፍስ አሥራ አምስት ነበር። ሰፊዋ ዘጠኙንም አዝራሮች በመዳፏ ጠርጋ ወደ ከረጢታቸው መለሰቻቸው።

«እንዴ፣ አለቀ?» አለ አራተኛው ሰው፣ የከተማ አውቶቡስ ሾፌሩ። «እኔ እኮ ገና ጩቤዬን ከሰገባው አላወጣሁም።»

«እንዳይዝግ ዘይት ቀባው» አለ ወንድሟ እየሳቀ።

«ጋሼ ሙት፣ ይሄ ውጊያ አይደለም፤ ቆሻሻ ማቃጠል ነው። ለዚህ ለዚህማ ከባሱ ሳልወርድ በመስኮት ባይ ይበቃኝ ነበር።»

ሾፌሩን «ፍሬን» ነው የሚሉት። ወሬው ሲሞቅ ተነስቶ መውጣት ካለበት «ፍሬን ያዙልኝ፣ መጣሁ» ስለሚል ስሙ በዚያው ጸና። የዚያን ቀን ቀልዱን ሲናገር ጥርሱ ስቋል እንጂ ዓይኑ አልሳቀም። ሰፊዋ አየችው። ፋርማሲስቷንም ደብተሯን ከፍታ አንድ ቁጥር ስትጽፍ አየቻት።

ጨዋታውን ለማያውቀው እንዲህ ነው። አንድ ሰው መሪ ይሆናል። ዋሻውን፣ መንደሩን፣ ጭራቁንና ሽፍታውን የሚፈጥረው እሱ ነው። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጀብደኛ ይሆናሉ፤ ምን ማድረግ እንደሚፈልጉ ይናገራሉ፣ ይሳካ አይሳካ እንደሆነ ዳይሱ ይፈርዳል። እዚህ ቤት መሪዋ ሰፊዋ ናት። ፋርማሲስቷ፣ እቤት ውስጥ ሁሉም «ዶክተር» የሚላት፣ ባለ ጎራዴ ወታደር ናት። ፍሬን በጥላ የሚሾልክ ሌባ ነው። ወንድሟ ደግሞ አስማተኛ ነው፤ ድግምቱም እሳት ነው። ጎራዴ አንድ ጠላት ይመታል፣ ጩቤ አንድ ጠላት ይወጋል፣ እሳት ግን ቀለበቱ ውስጥ ያገኘውን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ይፈጃል። ጠቡ የመጣው ከዚሁ ነው።

ደንቡን ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ደብተር የጻፉት እህትና ወንድም ራሳቸው ናቸው። ያኔ የሚጫወቱት በወንድምየው ቤት ነበር፣ ወለል ላይ፣ ትልቅ ጨርቅ አንጥፈው፣ ከሁለት ጎረቤቶች ጋር። ጎረቤቶቹ በኋላ ሰፈር ለቀቁ። ወንድሟ ኤሌክትሪሺያን ነበር። የመዳቡን ቀለበትም ያኔ ከሥራ በተረፈ ሽቦ በፒንሳ ጠምዝዞ የሠራው እሱ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ከመሰላል ወደቀ። ዳሌው ተገጥሞለት በምርኩዝ መሄድ ቻለ፤ መሬት ላይ መቀመጥ ግን ቀረ። ቀኝ እጁም ተረፈች ይባላል፣ ጣቶቹ ግን ግማሽ መንገድ ታጥፈው ይቆማሉ፤ ብርጭቆ እንጂ ካቻቪቴ አይዙም። ሥራውን ተወ። ዓመት ሙሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። ሚስቱ «አነጋግሪልኝ፣ ለኔ ሁለት ቃል ነው የሚመልስልኝ» ብትላት፣ ሰፊዋ ብዙ አሰበችና ጨዋታውን ወደ ስፌት ቤቷ አመጣችው። እዚያ ወንበር አለ፣ ጠረጴዛ አለ። ሁለቱን ደንበኞቿን፣ ዶክተርንና ፍሬንን፣ ልብስ ሊያስለኩ በመጡበት አሳምና አስገባቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ወንድሟ በየእሁዱ ይመጣል። ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጢሙን ተላጭቶ ይመጣል። ከእሁድ እስከ እሁድ ከቤት የሚወጣባት ቀን ይቺ ብቻ ናት። ሰፊዋ ለማንም አፍ አውጥታ አትናገረው እንጂ፣ ለእሷ ጨዋታው ጨዋታ አልነበረም። ይህ ጠረጴዛ ከፈረሰ ወንድሟ ወደ ግድግዳው እንደሚመለስ ታውቃለች።

ያን ቀን ሌሎቹ ሲሄዱ ዶክተር ቀረች። ደብተሯን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«እስቲ ይህን እዪልኝ። ስድስት እሁድ መዝግቤአለሁ። እሳቱ ያደረሰው ጉዳት ስምንት መቶ አርባ። የኔ ጎራዴ ዘጠና አንድ። የፍሬን ጩቤ ስድሳ ሁለት፤ ከዚያም ውስጥ ሰባቱን የወጋው ራሱን ነው።»

«አንቺ ደግሞ ሁሉን ነገር ትቆጥሪያለሽ።»

«መቁጠር ሥራዬ ነው። ሐኪም በቀን አንድ ፍሬ ብሎ የጻፈውን እኔ ዘጠኝ አድርጌ ብሰጥ ፈቃዴን ይነጥቁኛል። ይኼ እሳት መጠኑን አልፏል። ስድስቱን ዳይስ ሦስት አድርጊው።»

«ሦስት?» አለች ሰፊዋ። «ሦስት ዳይስ ወርውሮ ምን ይገድላል? ያ የክብሪት እሳት ነው።»

«እኔ እንግዲህ ወንድምሽን እወደዋለሁ። ግን ሳምንቱን ሙሉ ቆሜ ሠርቼ፣ እሁድ ደግሞ ተቀምጬ ሰው ሲያሸንፍ ላጨብጭብ? ካልሆነ እቤቴ ልብሴን አጥባለሁ። ፍሬንም እንዲሁ ነው የሚለው፤ ያልነገረሽ አፍሮሽ ነው።»

ዶክተር ከወጣች በኋላ ሰፊዋ አዝራሮቹን በየመጠናቸው እየለየች ብዙ ቆየች። ስድስቱን ዳይስ ሦስት ብታደርግ ለወንድሟ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። አደጋው ገቢውን ቀነሰ፣ ሐኪሙ ተስፋውን ቀነሰ፣ አሁን ደግሞ ገዛ እህቱ እሳቱን ልትቀንስ ነው። ባትቀንስ ደግሞ ጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀረው እሱና እሷ ብቻ ነው። በዚህም ሄደች በዚያ የምትደርሰው አንድ ቦታ ነው።

አትፍረዱባት እንግዲህ፣ ሦስተኛ መንገድ ያገኘች መሰላት። የተበላሸ ስፌት ሲያጋጥማት ገበር ሰፍታ እንደምትሸፍነው ሁሉ፣ ይህንንም በገበር ልትሸፍነው አሰበች።

በሚቀጥለው እሁድ የመጡት ጭራቆች ከሐይቅ የወጡ ነበሩ። «እርጥብ ስለሆኑ እሳት በግማሽ ነው የሚጎዳቸው» አለች፣ ወደ ማንም ሳታይ። ወንድሟ ቅንድቡን አነሳና ወረወረ። ዶክተር ጎራዴዋን መዘዘች፣ ፍሬን ጩቤውን ወረወረ፣ ሁሉም ደስ አላቸው። ሁለተኛው እሁድ የድንጋይ ጭራቆች መጡ፤ ድንጋይ ደግሞ አይቃጠልም። ሦስተኛው እሁድ ረጃጅም ግዙፎች ካባ ለብሰው መጡ።

ወንድሟ ቀለበቱን እንደያዘ ቆመ። «እነዚህስ እትዬ? በረዶ ናቸው?»

«ካባቸው እርጥብ ነው።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ይዘንባል በዚህ አገር?»

ፍሬን ሳቀ። ብቻውን መሳቁን ሲያውቅ ከሻዩ ጋር ወደቀረበው ብስኩት ዞረ።

ወንድሟ ዳይሶቹን አንድ በአንድ ወደ ቆርቆሮው መለሰ። አንድ፣ ሁለት፣ እስከ ስድስት። ቀለበቱንም በላያቸው አኖረና ክዳኑን ገጠመው። «ቀንስ ብትዪኝ ምናልባት እጣላሽ ነበር» አለ። «ግን እንደ ሰው ተጣላን እላለሁ። አንቺ እንደ ሕፃን ታባብይኛለሽ።» ምርኩዙን አነሳ። ዶክተር «ተቀመጥ እንጂ፣ ምን ሆነሃል?» ብትለው «ራሴን አሞኛል» ብሎ ወጣ።

በሚቀጥለው እሁድ አልመጣም። ሰፊዋ ደወለች፤ ሚስቱ አነሳች። «ተኝቷል» አለች፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ወደ ግድግዳው» አለች።

የቀሩት ሦስቱ እንጫወት ብለው ሞከሩ። ሰፊዋ ከልቧ ባይሆንም አምስት ሽፍቶች አወጣችላቸው። እሳት የለ፣ አስማት የለ፤ አምስቱ ሽፍቶች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ዶክተርን ገደል ሰደዷት፣ ፍሬንን በገዛ ጩቤው አስፈራርተው ማርከው ወሰዱት።

«ይኸው ተገላገልን» አለ ፍሬን የተማረከውን አዝራሩን እያየ። «እሳቱ ሲኖር ሥራ ፈት ነን፣ ሲጠፋ ሬሳ ነን።»

ዶክተር ደብተሯን አልከፈተችም። «እኔ ይቀነስ አልኩ እንጂ ሰውዬው ይቅር አልወጣኝም» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

ማክሰኞ ዕለት ለአንድ ስብሰባ አዳራሽ የመጋረጃ ሥራ መጣ። እያንዳንዱ መጋረጃ ቁመቱ አምስት ሜትር ነው፤ ጠረጴዛ አይችለውም፣ ወለል ላይ ዘርግቶ መቁረጥ ግድ ነው። ሰፊዋ አዲሱ ጨርቅ አፈር እንዳይነካው ከሥር የምታነጥፈው ፈለገች። መደርደሪያው ጫፍ ላይ ተጠቅልሎ የከረመ ሰፊ ሰማያዊ አቡጀዲ አገኘችና ዘረጋችው።

የድሮው ካርታ ነበር። ያኔ በወንድሟ ቤት ወለል ላይ የሚያነጥፉት። ጠመኔ ቶሎ ይጠፋል ብላ ቤቶቹን በነጭ ክር ነበር የሰፋቻቸው፤ አንዱም ሳይተረተር አለ። ለመጋረጃው ሥራ ሁሉንም ነገር ከጠረጴዛ ወደ ጥግ ስታዞር ክርኗ ብስኩት ቆርቆሮውን ነካው። ወደቀ፣ ክዳኑ ተከፈተ፣ ዳይሶቹ ማሽኑ ሥር ገቡ። ቀለበቱ ግን እየተንከባለለ ሄደና አቡጀዲው ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ዞሮ ተኛ።

ልታነሳው ጎንበስ አለች። እጇ መንገድ ላይ ቀረ።

ቀለበቱ ከዳር እስከ ዳር የያዘው ሦስት ቤት ብቻ ነው።

ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ለካች። ቀለበቱ አሥራ ሁለት ሳንቲ። የአቡጀዲው አንድ ቤት አራት ሳንቲ። ከዚያ ጥቁሩን ሱፍ ከጥግ አመጣችና ጎን ለጎን አነጠፈችው። የሱፉ አንድ ቤት ሁለት ሳንቲ። ቀለበቱን እዚያ ላይ ብታኖረው ከዳር እስከ ዳር ስድስት ቤት ያዘ። በውስጡ የወደቁትን ቤቶች በጣቷ እየነካች ቆጠረች፤ አቡጀዲው ላይ ሰባት የሚያህሉት፣ ሱፉ ላይ ሃያ ስምንት ሆኑ።

ክው አለች። እዚያው አቡጀዲው ላይ ተቀመጠች።

ነገሩ ሁሉ መጣላት። ጨዋታውን ወደ ስፌት ቤት ያመጣች ዕለት የጠረጴዛው ግማሽ በማሽን የተያዘ ስለሆነ ካርታው አልበቃ አላት። ስለዚህ በሙያዋ አሳነሰችው። እያንዳንዱን ቤት በግማሽ ቀነሰች። የኮት አዝራሮቹን ትታ የሸሚዝ አዝራሮች አመጣች። ግንቡ ትልቅ የክር ጥቅልል ነበር፣ በትንሽ ጥቅልል ለወጠችው። እርምጃውም፣ የጩቤው ውርወራም በቤት የሚቆጠር ስለሆነ አብሮ አነሰ። በቤት የማይቆጠረው፣ በዕቃ የሚለካው አንድ እሳት ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ቆርቆሮው ውስጥ እንዳለ መጣ፣ እንዳለ ተቀመጠ። ስድስቱ ዳይስ ምንም አላጠፉም። የዶክተር ደብተርም ሐሰት አልጻፈም። መድኃኒቱ ትክክል ሆኖ ማንኪያው ነው የበዛው።

ለእሷ ይህ የጨዋታ ስህተት ብቻ አልነበረም። እጇ ሥር ላለፉት ተማሪዎች ሁሉ የመጀመሪያ ቀን የምትነግራቸው ይህን ነበር፦ ጨርቅ የምትቆርጡበትን የወረቀት ቅድ ስታሳንሱ ሁሉንም አሳንሱ፣ ኮሌታውንም፣ ኪሱንም፣ የአዝራር ቀዳዳውንም። እሷ ራሷ ኮቱን ለልጅ ቆርጣ የአባቱን እጅጌ ገጥማበታለች። ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዋን ፊቷ እስኪቀላ አፈረች።

መጋረጃውን በዚያው ትታ፣ ሁለቱን ጨርቆችና ቀለበቱን በፌስታል ይዛ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች።

ሚስቱ በሩን ከፈተችና ወደ ጓዳው አመለከተቻት። ወንድሟ ጀርባውን ሰጥቶ ተኝቷል።

«ተነስ፣ አንድ ነገር ላሳይህ።»

«ከሐይቅ የወጣ ካልሆነ።»

«ተነስ አልኩህ! ታላቅህ ነኝ።»

ተነሳ። አልጋው ላይ ሁለቱን ጨርቆች ዘረጋች፣ ቀለበቱን አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ እያኖረች፣ ሜትሯን እየጎተተች አስረዳችው። ስታወራ ቶሎ ቶሎ ነበር፤ ስህተቱ የእሷ መሆኑን ሦስት ጊዜ ደገመችው። ወንድሟ ግን ጨርቁን አያይም። መስኮቱን ነው የሚያየው።

«ዐውቃለሁ» አለ።

«ምኑን?»

«ቀለበቱን የጠመዘዝኩት እኔ ነኝ እትዬ። አሥራ ሁለት ሳንቲ፣ ለሦስት ቤት። አዲሱን ካርታ ያየሁ ዕለት፣ ወንበሩ ላይ ተደላድዬ ሳልቀመጥ ነው ያወቅኩት።»

ሰፊዋ ሜትሯን እንደያዘች ቀረች። «ዓመት ሊሞላ ነው እኮ! ታዲያ ምነው ዝም አልክ?»

ቀኝ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጣቶቹን አጠፈ፤ እንደ ልማዳቸው ግማሽ መንገድ ሄደው ቆሙ።

«ሁሉ ነገር አነሰብኝ። የምሄደው መንገድ አነሰ፣ የምሠራው አነሰ፣ ካርታው እንኳ ለኔ ወንበር ሲባል አነሰ። እስቲ አንድ ነገር እንኳ ሳያንስ ይቅር አልኩ። ነውር መሆኑን ዐውቀዋለሁ። ዶክተር ስትጽፍ እያየሁ ነው የወረወርኩት።»

ሰፊዋ መቆጣት ፈለገች፤ ቁጣው መጣ፣ ግን አፏ ላይ ሲደርስ ሌላ ነገር ሆነ።

«እኔ ደግሞ» አለች «ይህን ሳላውቅ ሦስት ሳምንት ሙሉ ጭራቅ ሳጥብ ከረምኩ።»

ወንድሟ ዞሮ አያት። «ካባቸው እርጥብ ነው አልሽ እኮ። ካባቸው!»

«ምን ላድርግ? አልደርቅ አለኝ።»

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው፣ ከዚያ እሷ። ሚስቱ ጓዳው በር ላይ ብቅ ብላ ሁለቱንም አየቻቸውና ተመለሰች። ሳቁ ሲበርድ ግን ቀለበቱ አሁንም ሱፉ ላይ ተኝቷል፣ አሁንም ስድስት ቤት ይዟል።

«ዳይስህን አልነካም» አለች ሰፊዋ። «ስድስት ነው፣ ደንቡ ላይ አንተና እኔ የጻፍነው ነው። ዶክተር አንድ እንኳ አንሺ ብትለኝ እሟገታታለሁ። ቀለበቱ ግን ከካርታው ልክ መሆን አለበት።»

«ማን ይሥራው?»

«እኔ መርፌ እንጂ ሽቦ አላውቅም።»

«እጄን ታውቂያለሽ።»

«ዐውቃለሁ» አለች። ልትለምነው አፏ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ማባበል ይሆንብኛል ብላ ዋጠችው። ጨርቆቹን አጣጥፋ ያዘች፣ ቀለበቱን ግን አልጋው ላይ ተወችለት። «እሁድ በዘጠኝ ሰዓት እንጀምራለን» ብላ ወጣች።

እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዶክተር መጣች፣ ፍሬን መጣ። ሰፊዋ ካርታውን አነጠፈች፣ ዘጠኙን አዝራሮች ደረደረች። የወንድሟ ወንበር ባዶ ነው። ዘጠኝ ከሩብ ሆነ። ፍሬን «ከተማው ተጨናንቋል፣ እኔ ራሴ የመጣሁት በእግሬ ነው» አለ፣ ማንም ባይጠይቀውም። ሰፊዋ የተስተካከሉትን አዝራሮች እንደገና አስተካከለች።

የምርኩዙ ድምፅ ከደጅ ሲሰማ ሦስቱም ወሬ የያዙ መሰሉ።

ወንድሟ ገብቶ ተቀመጠ። ከአንዱ ኪሱ ቀለበቱን፣ ከሌላው አሮጌ ፒንሳውን አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ከመጫወታችን በፊት አንድ ነገር ልናገር» አለ። «ጭራቆቹን ሳቃጥል የከረምኩት በትልቁ ካርታ ቀለበት ነው። ለዚህ ካርታ አይገባም። ዐውቄ ነው።»

«ማለት» አለ ፍሬን ቀስ ብሎ «ያ ሁሉ ጭራቅ ያለ አግባብ ነው የሞተው?»

«ያለ አግባብ።»

«ቤተሰብ የላቸውም እንዴ? ይክሰሱሃ!»

ዶክተር አልሳቀችም። ቀለበቱን አነሳች፣ ካርታው ላይ አኖረች፣ ቤቶቹን ቆጠረች። ከዚያ ደብተሯን አወጣችና ስምንት መቶ አርባ ከሚለው አጠገብ አንድ ነገር ጻፈች። ፍሬን አንገቱን አስግጎ አነበበው፦ «የማንኪያ ስህተት» ይላል።

ወንድሟ ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ በፒንሳው ቆረጠው። ሽቦው ሲፈታ ሠላሳ ስምንት ሳንቲ ሆነ። መሃሉን ለክታ ምልክት ያደረገችለት ሰፊዋ ናት፤ እኩል ለሁለት ቆረጠው። አንዱን ግማሽ ኪሱ ከተተ። ሌላውን ወፍራም የክር ጥቅልል ላይ ይጠመዝዝ ጀመር። ቀኝ እጁ መጨበጥ ስለማይችል በመዳፉ ሥር ሽቦውን ጥቅልሉ ላይ ተጭኖ፣ በግራ እጁ በፒንሳው ይጎትታል። አንዴ አመለጠው። ሽቦው ተፈናጥሮ ሁለት ጭራቆች ከጠረጴዛ ጣለ። እንደገና ያዘ። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። ዶክተር ልትይዝለት እጇን ስትዘረጋ ሰፊዋ በጠረጴዛው ሥር እግሯን ረገጠቻት፤ ዶክተር እጇን ወደ ብስኩቱ አዞረች። ሁለተኛ አመለጠው። ፍሬን የወደቁትን ጭራቆች ከወለል ለቅሞ ወደ ካርታው መለሳቸው።

በሦስተኛው ዞረ። ጫፍና ጫፉን በፒንሳው አቆላለፈና ካርታው ላይ አኖረው።

ዶክተር ሜትሩን ከሰፊዋ አንገት ላይ ሳበች። «በዚህ በኩል ስድስት ሳንቲ። በዚህ በኩል አምስት ተኩል።»

«ጎማው ተንፍሷል» አለ ፍሬን።

«እንቁላል ነው» አለ ወንድሟ ራሱ፣ ቅር ብሎት።

«እሳት ነው» አለች ሰፊዋ። «መሪዋ እኔ ነኝ፤ ፈርጃለሁ። እንዴት እንደምታጋድመው ያንተ ፋንታ ነው። በል ተጫወት።»

ዘጠኙ ጭራቆች በዋሻው ተበትነው ቆመዋል፤ አንዱም እርጥብ አልነበረም። ወንድሟ ቀለበቱን በአየር ላይ ይዞ ወዲያ ወዲህ አለ። የትም ቢያኖረው ከሁለት በላይ አይገባለትም። ዓመት ሙሉ እንዲህ አስቦ አያውቅም። አገጩን አከከ።

«ፍሬን» አለ በመጨረሻ «ያን ጥግ ያለውን ወደዚህ ልታባርርልኝ ትችላለህ?»

«እኔ?»

«ሌላ ሌባ አለ እንዴ? ዶክተር ደግሞ በሩን ብትዘጋልኝ እነዚያ ሦስቱ በዚህ ጠባብ በኩል ነው የሚመጡት።»

«ብዘጋ ሦስቱም እኔን ነው የሚመቱኝ።»

«አንድ ተራ ብቻ ቻይልኝ።»

ዶክተር ነፍሷን ደመረች፣ ጋሻዋን አሰበች። «አንድ ተራ» አለች። ፍሬን ጩቤውን መዘዘ። በጥላ ዞሮ ከኋላ ጮኸ፣ አንዱ ጭራቅ ደንግጦ ወደ መሃል ሮጠ፣ ሦስቱ ዶክተር ላይ ተጋፉ። ወንድሟ እንቁላሉን በቁመቱ አጋደመው፤ አራት አዝራር ገባ። ስድስቱን ዳይስ አንኳኩቶ ወረወረ።

«አሥራ ሦስት» አለች ዶክተር።

«አሥራ ሦስት!» ብሎ ጮኸ ወንድሟ። ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ነፍስ ተረፈ። አራት የተለበለቡ፣ የተናደዱ ጭራቆች።

«ለኔ ተዋቸው!» ፍሬን ከወንበሩ ተነስቷል። «ፍሬን የለም ዛሬ!»

ከዚያ በኋላ ያለውን በዝርዝር መንገር አያስፈልግም። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀባቸው። ዶክተር ሁለት ጊዜ ወደቀች፣ ሁለት ጊዜ ተነሳች። ፍሬን አራት ገደለ፤ ራሱን የወጋው አንዴ ብቻ ነው። አስማተኛው በአንዲት ነፍስ ቀርቶ ከጥቅልሉ ግንብ ጀርባ ተደበቀ፤ ወንድሟም «ያ ባለ ቀንድ እኔን አላየኝም!» እያለ ከእህቱ ጋር በጩኸት ተሟገተ። አየህ አላየኝም ሲባባሉ የጎረቤቱ ሱቅ ባለቤት ጠብ መስሎት ብቅ ብሎ ሄደ። ዘጠነኛው ጭራቅ ሲወድቅ ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር።

ሲነሱ ወንድሟ ቀለበቱን ቆርቆሮው ውስጥ አልከተተም። አንስቶ በብርሃኑ በኩል አዞረና አየው።

«እንዲህ እንቁላል አድርጌማ አልተወውም» አለ። «ግማሽ ሽቦ አለኝ። ቤት ልሞክረው።»

«ለእሁድ?» አለች ሰፊዋ፣ ጠመኔውን ከሱፉ ላይ እያራገፈች።

«ለእሁድ። ፒንሳውን ግን ዘይት ልቀባው ነው፤ ዝጓል።»

ሰፊዋ በር ላይ ቆማ አየችው። ፀሐዩ ገና አልጠለቀም። በግራው ምርኩዙን ይዞ በእግረኛው መንገድ ቀስ እያለ ይሄዳል፤ ፍሬን አጠገቡ እያወራ ነው። ቀኝ እጁ ሽቦው ባለበት ኪሱ ውስጥ ነው። ጣቶቹ ሽቦው ላይ የሚታጠፉና የሚዘረጉ ይመስል፣ ኪሱ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ትንሽ ዝቅ ይላል። መታጠፊያው ጋ እስኪደርሱ ጠበቀችና ገብታ ወደ መጋረጃዋ ተመለሰች።